የአረብ ሱቅ ዱቤ

ልጅ ሳለሁ መርካቶ ሰፈራችን ጥግ ላይ የመናዊ ባለሱቅ ነበሩ። አባቴ ታሞ ሥራ ባቆመበት ዓመት ስኳሩንም ላምባውንም በዱቤ ሰጡን፤ እናቴን አንድም ቀን «መቼ ትከፍያለሽ?» አላሏትም።

በ2007 ዓ.ም. የመን በጦርነት ስትታመስ ብዙዎች ባሕር ተሻግረው ወደ እኛ መጡ። ያኔ ጡረታ አልወጣሁም። አንዲት የመናዊት ልጇን ለክትባት ይዛ መጣች፤ በምልክት ተግባባን። እኚያ ባለሱቅ ትዝ አሉኝ።

ጎረቤቶቼ «ኑሮው ለእኛም አልቻል ብሏል» ይላሉ። እውነት ነው። ግን የእኛም ልጆች ሳውዲ ለመድረስ ያንኑ ባሕር፣ ያንኑ የመን ያቋርጣሉ፤ የእህቴ ልጅ አንዷ ናት። ለእሷ ውኃ የሚሰጥ ሰው እንዲገጥማት እየጸለይኩ፣ እዚህ የመጣውን በየት አፌ «ሂድ» እላለሁ?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ሠርተው የሚበሉበትን በር ከፍቷል። የእናቴን ዱቤ የምንከፍልበት ጊዜ አሁን ነው።