የእሽቅድምድም ነጂዎች ካርድና የደረጃው ዋጋ

የአውቶሞቢል እሽቅድምድም ነጂዎች ሥዕል የታተመበት ትንሽ ካርድ፥ በአሜሪካ አገር የንግድ ዕቃ ከሆነ ቆይቷል። ማክስ የተባለው ኩባንያ የናስካርን ነጂዎች ካርድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. ለገበያ ካቀረበ በኋላ፥ ሌሎች አታሚዎችም ተከትለው በ1990ዎቹ ገበያውን ስላጥለቀለቁት የብዙዎቹ ካርዶች ዋጋ ወደቀ።

ዛሬ ዋጋን የሚወስነው ብርቅነትና ደረጃ ነው። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የካሊፎርኒያው ድርጅት ፒ.ኤስ.ኤ. የካርዱን ማዕዘን፥ ጠርዝ፥ ገጽና የሥዕሉን መሐል መያዝ መርምሮ ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይሰጣል፤ ካርዱንም በፕላስቲክ ያሽገዋል። ጠርዙ ተከርክሞ የተገኘ ካርድ ግን የደረጃ ቁጥር አያገኝም።

በ9 እና በ10 መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን እምብዛም የማይታይ ሲሆን፥ ዋጋውን ግን እጅግ ያራርቀዋል። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ከመግዛቱ አስቀድሞ በእሽጉ ላይ ያለውን ቁጥር ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ያመሳክራል፤ ገንዘብ የሚከፈለው ለወረቀቱ ሳይሆን ለታማኝነቱ ነውና።