ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ዕርቅና ስለ ድርድር

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ብሔራዊ ዕርቅ ነው። ይኸውም ወታደራዊ መንግሥትና ተቃዋሚዎቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው በንግግር ሊስማሙ የሚችሉት መቼና እንዴት እንደ ሆነ ለመመርመር ነው። ነገሩን ከገዛ ታሪካችን ብንጀምረው ለማስተዋል ይቀለናል።

ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት በዚህ ስፍራ ነው። ከመድፎቹም ትልቁ ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ትተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ይህን መድፍ በሰው ጉልበት ለማስጐተትና ገደሉን እየቈረጡ መንገድ ለማውጣት ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። መድፉ መቅደላ ደረሰ። ነገር ግን ላስታም፣ ትግሬም፣ ሸዋም በየራሱ ገዥ ሥር አድሮ ከንጉሠ ነገሥቱ ተለይቶ ስለ ነበረ፣ እንግሊዞች በመጡ ጊዜ ከጐናቸው የቆመው ሠራዊት ጥቂት ነበረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት ወር 1870 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስና ምኒልክ ጦራቸውን ይዘው ሸዋ ላይ ተፋጠው ነበር። ዳሩ ግን አማላጅ ተመላልሶ ነገሩ በልቼ ስምምነት አለቀ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ስም ተዉ፤ ዐፄ ዮሐንስም የሸዋ ንጉሥ ብለው ዘውድ ደፉላቸው። አንዱ ከክብሩ ቀነሰ፣ ሁለተኛውም ከድል ፍላጎቱ ቀነሰ፤ በመካከሉ ብዙ ሺህ ሰው ወደ ቤቱ በሕይወት ተመለሰ። የዕርቅ ትርጉሙ ይህ ነው። ዳኛ ጥፋተኛውን ፈልጎ ይቀጣል፤ ሽማግሌ ግን ሁለቱ ነገ በአንድ መንደር እንዴት እንደሚኖሩ ያስባል። በአገራችን ባላገር ዘንድ የበደለው ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምነውም፣ ደም አድራቂ ሽማግሌዎች በሟችና በገዳይ ዘመዶች መካከል የሚገቡትም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን በያዘ ጊዜ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሌፍተናንት ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም የኤርትራን ጉዳይ በሰላም ለመጨረስ ያስቡ ነበር። ከደርጉ ጋር አልተስማሙም፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ተገደሉ። በከተማም ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ብለው ከጠየቁት ወገኖች ጋር የተጀመረው ክርክር በቀይ ሽብር ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መንግሥት የተቃዋሚዎቹን ስም ወንበዴ ብሎ ሲጠራ፣ እነርሱም መንግሥትን ፋሽስት ብለው ሲጠሩ ኖሩ። እንዲህ ከተጠራሩ በኋላ ተቀምጦ መነጋገር እንደምን እንደሚያስቸግር አንባቢ ይፍረድ።

ንግግሩ የመጣው ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ነው። ግንቦት 28 ቀን ብሔራዊ ሸንጎው ያለ ቅድመ ሁኔታ ለመነጋገር ወሰነ። የመንግሥት ልዑካንና የሕዝባዊ ግንባር መልእክተኞች ከጳጉሜን 2 ቀን 1981 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ አገር፣ በአትላንታ ከተማ፣ በቀድሞው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሸምጋይነት ተገናኙ፤ በኅዳርም ናይሮቢ ላይ ቀጠሉ። ነገር ግን የሁለቱ ስብሰባዎች ድካም ስለ ሥነ ሥርዓት ነበረ። በምን ቋንቋ እንነጋገር፣ አጀንዳው ምን ይሁን፣ ታዛቢው ማን ይሁን ሲባል ጊዜው አለፈ። ጦርነቱ ስለ ምን እንደ ሆነ የሚለው ዋና ነገር ሳይነካ ቀረ።

ሮም ላይ ደግሞ በኢጣልያ መንግሥት አስተናጋጅነት ከሕወሓት ጋር ንግግር ተጀምሮ ነበር። በመጋቢት 1982 ዓ.ም. የተሰናከለበት ምክንያት በተለይ የጋፋትን አካባቢ ሰው ይመለከታል። ሕወሓት አጋሩ ኢሕዴን በስብሰባው ይቀመጥ ብሎ ጠየቀ፤ መንግሥት አልተቀበለም። ኢሕዴን በጎንደርና በወሎ ይዋጋ የነበረ ድርጅት ነው። በዚያው ዓመት ጦርነቱ ደብረ ታቦር ደርሶ ነበርና፣ ሮም ላይ ስለ አንድ ወንበር ሲከራከሩ እዚህ የገበሬው ልጅ በሁለቱም ወገን ተሰልፎ ይወድቅ ነበር። የካቲት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. በጎንደርና በጎጃም የተከፈተው ዘመቻ ስሙ ዘመቻ ቴዎድሮስ ተባለ። ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን ከአገር ወጡ፤ ግንቦት 19 ቀን ሎንዶን ላይ ስብሰባ ሲጠራ የሚደራደሩበት ነገር አልቆ ነበር። በማግስቱ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ።

ከድሉ በኋላም ያው ጉድለት ተደገመ። ከሰኔ 24 ቀን 1983 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የሽግግር ጉባኤ ብዙ ድርጅቶች ሲቀመጡ፣ ኢሕአፓንና መኢሶንን የመሰሉ ነባር ተቃዋሚዎች በውጭ ቀሩ። ከገበታው የተገፋ ሰው ስለ ገበታው መልካም ሊናገር እንደማይችል የታወቀ ነው፤ ስለዚህ የብሔራዊ ዕርቅ ጥያቄ ከዚያ በኋላም ሳይቋረጥ ኖረ።

የሌላውን አገር ደግሞ እንይ። የእኛ ንግግር በተሰናከለባት በሮም ከተማ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሐምሌ 1982 ዓ.ም. የሞዛምቢክ መንግሥትና ሬናሞ የተባለው ተቃዋሚ ጦር መነጋገር ጀመሩ። ሸምጋዮቹ የሳንት ኤጂድዮ ማኅበር ሰዎች፣ የቤይራው ሊቀ ጳጳስና የኢጣልያ መንግሥት ተወካይ ነበሩ። ተደራዳሪዎቹ በመጀመሪያው መግለጫቸው የአንድ አገር ልጆች መሆናቸውን አምነው፣ የሚለያያቸውን ለጊዜው ትተው የሚያገናኛቸውን ለመፈለግ ተስማሙ። ጦርነቱ ወዲያው አልቆመም፤ ንግግሩም ብዙ ጊዜ ተቋረጠ። ቢሆንም ከሁለት ዓመት በላይ ታግሠው መስከረም 24 ቀን 1985 ዓ.ም. የሰላም ውል ፈረሙ።

ከዚህ ሁሉ አራት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ንግግር ሁለቱም ወገኖች የሚሰጡት ነገር ሳያልቅባቸው መጀመር አለበት። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ይህን ነው። ሁለተኛ፣ በጦር ሜዳ ያለው ወገን ሁሉ በጉባኤውም መኖር አለበት። ሦስተኛ፣ ሸምጋዩ በሁለቱም ዘንድ የታመነና የማይቸኩል ሊሆን ይገባዋል። አራተኛ፣ የተፈረመው ቃል መፈጸም አለበት።

ይህ አራተኛው እናንተን፣ የመንግሥት ሠራተኞችን፣ ይመለከታል። ለሁለት ዓመት የተደረገው የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ውል እንዲቆም ተፈረመ፤ ከዚያም አስቀድሞ በዐዋጅ ቁጥር 1265/2014 የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተቋቁሟል። ዳሩ ግን ዕርቅ የሚፈተነው በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ነው። ትጥቁን ፈትቶ የተመለሰው ወታደር፣ ከቀዬው የተፈናቀለው ገበሬ፣ ጡረታዋን የምትጠይቀው የሟች ሚስት ማመልከቻ ይዘው የሚመጡት ወደ እናንተ ነው። በዚያን ጊዜ፣ አንተ ከየትኛው ወገን ነበርህ የሚል ጥያቄ ከቀረበላቸው ውሉ በዚያው ፈረሰ ማለት ነው። ጉዳያቸው እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ በተራው ከተፈጸመላቸው ግን፣ በሩቅ አገር የተፈረመው ወረቀት ለደብረ ታቦር ገበሬም ደረሰለት ማለት ነው።