ከእስር የዳኑ አውሬዎችን ፎቶ ማንሳት

ከእስር የዳነ አውሬ የሚባለው በግልገልነቱ ከዱር ተይዞ በሰው ግቢ፣ በካምፕ ወይም በነጋዴ እጅ ከቆየ በኋላ ተወርሶ ወደ ማገገሚያ የገባ እንስሳ ነው። እንዲህ ያለውን እንስሳ ፎቶ ማንሳት በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነፃ አውሬ ከማንሳት የተለየ ሥራ ነው። የፓርኩ አውሬ ሰውን እምብዛም አያውቅም። የዳነው ግን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ያሰረውም የፈታውም ሰው ነው። ካሜራ ይዞ አጥሩ ጋ የቆመው እንግዳ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ጉዳዩ ለሐረር ሰው ሩቅ አይደለም። ከሐረር በባቢሌ አድርጎ ወደ ጅጅጋ የሚወርደው መንገድ ከደጋው ጫፍ ወደ ሰፊው የምሥራቅ ቆላ ያደርሳል። አቦሸማኔ ዛሬም በዚህ ቆላ ይገኛል፤ ግልገሎቹም ከዚሁ አካባቢ ይዘረፋሉ። አንዳንዴ ፍየሉ የተበላበት አርብቶ አደር በብስጭት ይወስዳቸዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ደላላ ቀድሞ ዋጋ ቆርጦ ያስይዛቸዋል። ከዚያ በሶማሊላንድ በኩል ባሕር ተሻግረው ወደ የመንና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይጫናሉ። የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተባለው ድርጅት በየዓመቱ 300 ያህል ግልገሎች ከአፍሪካ ቀንድ በዚህ መልክ እንደሚወጡ ይገምታል። ብዙዎቹ በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ ያልቃሉ። በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት መሠረት ከዱር የተያዘ አቦሸማኔን አገር አሻግሮ መነገድ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው። ኢትዮጵያም የዱር እንስሳትን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 541/1999 አውጥታለች።

በዚህ ንግድ ውስጥ ካሜራም የራሱ ድርሻ አለው። አቦሸማኔ በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ወራት ከማጅራቷ እስከ ጀርባዋ ብርማ ጠጉር ይሸፍናታል፤ ያ ጠጉር በሣር ውስጥ እንዲሰውራት የተሰጣት ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ ጡጦ እየጠባች ፎቶ ስትነሳ ግን ያው ጠጉር ገበያ ይጠራል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለጠፈው እንዲህ ያለ ፎቶ ተመልካቹን ያሳሳል፤ ከሚሳሱት መካከል አንዱ ገንዘብ ያለው ከሆነ ሌላ ግልገል ከእናቷ ትነጠቃለች። ስለዚህ የዳኑ አውሬዎችን የሚያነሳ ሰው እጁ ላይ ያለው መሣሪያ አስቀድሞ በሻጩ እጅ እንደነበረ ቢያውቅ መልካም ነው።

ከተወረሱት እንስሳት ብዙዎቹ የሚወሰዱት ሆለታ አቅራቢያ ወዳለው እንስሳ ኮቴ ነው። ይህ የማገገሚያ ማዕከል በቦርን ፍሪ ፋውንዴሽንና በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ትብብር የተቋቋመ ሲሆን 77 ሄክታር መሬት ላይ ያርፋል። ከምሥራቁ ቆላ የሚመጣ ግልገል እዚያ ለመድረስ ሐረርን አልፎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ወደ ዱር መመለስ የሚችሉት ይመለሳሉ። አቦሸማኔና አንበሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይችሉም። የአቦሸማኔ ግልገል ከእናቷ ጋር ዓመት ተኩል ያህል ቆይታ ነው አደን የምትማረው፤ ያንን ትምህርት ሰው ሊተካላት አይችልም። ስለዚህ በአጥር ውስጥ ዕድሜዋን ትፈጽማለች።

በፎቶ ከታወቁት የማዕከሉ አንበሶች አንዱ ዶሎ ነው። ስሙን ያገኘው ከሶማሊያ ጠረፍ አጠገብ ካለችው ከዶሎ ከተማ ነው። በአጭር ሰንሰለት ለዓመታት ታስሮ ስለኖረ ጎፈሩ ተግጦ ነበር። ሲያዝ የተነሳውን ፎቶ ጎፈሩ ዳግም ካበቀለ በኋላ ከተነሳው ጋር ጎን ለጎን ያየ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የዚህ ዓይነት ፎቶግራፍ ትልቁ ጉልበት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ሥዕል ብቻውን የማይናገረውን ሁለቱ አብረው ይናገራሉ።

ሥራው ራሱ ትዕግሥትን ይፈልጋል። በጥድፊያ ወደ አጥሩ የቀረበ ሰው የሚያገኘው ጆሮዋን ወደ ኋላ የለጠፈች፣ ጥርሷን ያሳየች አቦሸማኔ ነው፤ ይህ የጭንቀት ፎቶ እንጂ የኀይል ፎቶ አይደለም። ልምድ ያላቸው ከጠባቂው ጋር ይገባሉ፤ ከተፈቀደው ርቀት አያልፉም፤ ረጅም ሌንስ ይጠቀማሉ፤ የካሜራውን ድምፅ ያጠፋሉ፤ ፍላሽ አይተኩሱም። ሥጋ እያሳዩ ወደ አጥሩ መጥራትም ነውር ነው። ጥሩ ብርሃን የሚገኘው ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው፤ እንስሶቹም የሚነቁት ያኔ ነው። ቀትር ላይ ግን ከዐይኗ ሥር እስከ አፏ የሚወርደው ጥቁር መስመር ከጥላው ጋር ይደባለቅና ፊቷ መልክ ያጣል።

ሽቦውን ከፎቶ ማጥፋት ከባድ አይደለም። ሌንሱ ለሽቦው ቀርቦ ቀዳዳው በሰፊው ሲከፈት፣ እንስሳዋም ራቅ ብላ ስትቆም፣ ሽቦው ደብዝዞ ይጠፋል። ፎቶ አንሺዎች የሚቸገሩት ሽቦውን ማጥፋት ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ነው። ሽቦው የሌለበት ፎቶ ያምራል፤ ለእንስሳዋም ክብሯን የሚመልስላት ይመስላል። ነገር ግን ያላገኘችውን ነፃነት አገኘች ብሎ ይመሰክራል። በሌላ በኩል ሽቦው ብቻ ጎልቶ የወጣበት ፎቶ ማገገሚያውን እስር ቤት ያስመስለዋል፤ ይህም እውነት አይደለም። የሚሻለው ሁለቱንም ማንሳት፣ ግን ሽቦ የሌለበትን ብቻውን አለማውጣት ነው። ያም ካልሆነ የፎቶው መግለጫ እንስሳዋ የት እንዳለችና ለምን እንደማትወጣ በግልጽ ይናገር።

ሐረር ራሷ የአጥሩን ተቃራኒ፣ ማንም ያላሰረውን አውሬ፣ ታሳያለች። ከተማዋ ካሜራን ቀድማ ታውቀዋለች፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1883 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓ ባስመጣው ካሜራ ሐረር ላይ የራሱንም የከተማዋንም ፎቶ አንስቷል፤ ፎቶዎቹ የነጡት በመጥፎ ውኃ ስለታጠቡ መሆኑን ለቤተሰቡ ጽፏል። ዛሬ ጎብኚው በብዛት የሚያነሳው ጅብን ነው። በምሽት ጁጎል ከሚባለው የአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ ጅብ መጋቢው ጅቦቹን በስማቸው እየጠራ ሥጋ በእንጨት ጫፍ ያጎርሳቸዋል። ዩሱፍ ሙሜ ሳልህ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው፤ ልጃቸው አባስም ተክቷቸዋል። ሐረሪዎች ጅብን ዋራባ ይሉታል፤ በግንቡ ሥር ያሉት ቀዳዳዎችም የሚጠሩት በእርሱ ስም ነው። በዓሹራ ዕለት ደግሞ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብለታል፤ አበላሉም ስለ መጪው ዓመት ይነበባል።

በሐረር ምሽት የጎብኚውን ልብ የሚያስመታው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ቀስ በቀስ ወደ መደነቅ ይለወጣል። ጅቡ ማንም አላሰረውም፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲጠግብ ወደ ጨለማው ይሄዳል። በሆለታው አጥር አጠገብ የሚሰማው ስሜት ሌላ ነው። ፍርሃት የለም፤ አጥሩ አስቀርቶታል። በምትኩ ደስታና ሐፍረት አብረው ይመጣሉ። ደስታው እንስሳዋ በሕይወት ስላለች ነው፤ ሐፍረቱ ደግሞ ሰው በመሆን ብቻ የሚመጣ ነው፤ ዐይኗን በሌንስ ውስጥ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያመልጠውም። አንዳንዱ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ለደቂቃዎች ዝም ብሎ ይቆማል። ይህ ባክኖ የቀረ ጊዜ ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ፎቶ ብዙ ጊዜ ከቀደሙት ይበልጣል።

የጅቡ ምሽት ግን አንድ አደጋ አለው። አውሬ ሰው አጠገብ ሲበላ የሚያሳየው ፎቶ፣ አውሬን ማላመድ ቀላል ነው የሚል ስሕተት ሊያሳድር ይችላል። የሐረር ጅብ ከሰው ጋር የለመደው በትውልዶች ኑሮ ነው፤ በገመድ የተሳበች ግልገል ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የላትም። በምሥራቁ መንገድ ላይ ግልገል አቅፎ “ፎቶ ተነሱ” ወይም “ግዙ” የሚል ሰው ያጋጠመው መንገደኛ ገንዘብ አይክፈል። ለማዘንም ቢሆን አይግዛ፤ ለአንዷ የተከፈለው ዋጋ ሌላዋን ያስይዛል። ቦታውንና ሰዓቱን አስታውሶ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ይንገር፤ ፎቶ ካነሳም በማኅበራዊ ሚዲያ ሳይለጥፍ ለእነርሱ በማስረጃነት ይስጥ።