ፒያ ሱንድሃጌ፦ ከሴቶች እግር ኳስ ጋር አብራ ያደገች አጥቂ

የአጥቂ ሥራ ለመናገር ቀላል፣ ለመፈጸም ግን ከባድ ነው። ተከላካይ ደጋግሞ አድኖ አንዴ ቢሳሳት ይወቀሳል፤ አጥቂ ደግሞ ደጋግሞ ስቶ አንዴ ቢያገባ ይወደሳል። በመሆኑም የአጥቂ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በግብ ብዛት ነው። ስዊድናዊቷ ፒያ ሱንድሃጌ በዚህ መለኪያ የምታንስ አይደለችም። ለ21 ዓመታት የሀገሯን መለያ ለብሳ በ146 ጨዋታዎች ተሰልፋለች፤ 71 ግቦችንም አስቆጥራለች። የእርሷን ታሪክ ከሌሎች የሚለየው ግን ሌላ ነው። መጫወት ስትጀምር ለሴቶች የተዘጋጀ አህጉራዊ ዋንጫም፣ የዓለም ዋንጫም፣ የኦሊምፒክ ውድድርም አልነበረም። ጫማዋን ስትሰቅል ሦስቱም ነበሩ። የሴቶች እግር ኳስ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ምን ያህል መንገድ እንደተጓዘ ማወቅ የሚሻ የዚህችን አጥቂ ሕይወት ቢከተል ይበቃዋል።

ፒያ በደቡብ ምዕራብ ስዊድን በምትገኘው ኡልሪሴሃም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ተወለደች። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። በልጅነቷ ኳስ የምትጫወተው ከወንዶች ጋር ነበር፤ በቡድን ታቅፋ መጫወት ግን ለሴት ልጅ አልተፈቀደም። አሠልጣኙ መላ ዘየደ። ልጅቷን «ፔሌ» ብሎ ጠራትና ከወንዶቹ ጋር አሰለፋት። ፔሌ በስዊድን የተለመደ የወንድ ልጅ ስም ነው። ልጅቷ የምትጫወትበት እግር ያው፣ የምትመታው ኳስም ያው ነበር። ክልከላውን ለማለፍ የተለወጠው ስሟ ብቻ ነው።

ክልከላው የአንዲት መንደር ጉዳይ አልነበረም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች አይስማማም በማለት በ1921 የሴቶች ጨዋታ በአባል ክለቦቹ ሜዳዎች እንዳይካሄድ ወስኖ፣ እገዳው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጸንቷል። ምዕራብ ጀርመንም ከ1955 እስከ 1970 ተመሳሳይ እገዳ ጥላ ነበር። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር አባል ሀገራቱ የሴቶችን እግር ኳስ በሥራቸው እንዲያካትቱ ያሳሰበው በ1971 ነው። የስዊድን ሴቶች ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ከፊንላንድ ጋር ያደረገው በ1973 ሲሆን ያለ ግብ ተለያይተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ ፒያ በ15 ዓመቷ የብሔራዊ ቡድኑን መለያ ለበሰች። በዚህ ጊዜ የተጠራችው በራሷ ስም ነበር።

ብሔራዊ ቡድን ቢኖርም የሚወዳደሩበት ዋንጫ ለማግኘት ብዙ ዓመታት መጠበቅ ግድ ሆነ። በአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር የተዘጋጀው የመጀመሪያው የሴቶች ውድድር ፍጻሜውን ያገኘው በ1984 ነው። ለፍጻሜ የደረሱት ስዊድንና እንግሊዝ በደርሶ መልስ ተጋጠሙ። የመጀመሪያው ጨዋታ ግንቦት 12 ቀን 1984 በስዊድኗ ጎተንበርግ ተካሂዶ አስተናጋጇ 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ግቧን በግንባሯ ገጭታ ያስቆጠረችው ፒያ ነበረች። ከሁለት ሳምንት በኋላ በእንግሊዟ ሉተን ከተማ፣ በዝናብ በጨቀየ ሜዳ ላይ፣ እንግሊዝ በተራዋ 1 ለ 0 ረታች። ድምር ውጤቱ እኩል በመሆኑ አሸናፊው በመለያ ምት እንዲታወቅ ተወሰነ።

መለያ ምት ከሌላው የጨዋታው ክፍል ይለያል። በጨዋታ መካከል አጥቂ ለማሰብ ጊዜ የለውም፤ እግሩ የለመደውን ይሠራል። በመለያ ምት ግን ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ብቻውን መራመድ፣ ኳሱን ማስቀመጥና ግብ ጠባቂውን ፊት ለፊት ማየት አለበት። ከግቡ ያለው ርቀት 11 ሜትር ብቻ ነው፤ የሚፈትነው ርቀቱ ሳይሆን ለማሰብ የተሰጠው ጊዜ ነው። ወሳኟ ምት ለፒያ ደረሰች፤ እርሷም ከመረብ አገናኘቻት። ስዊድን 4 ለ 3 አሸንፋ የመጀመሪያዋ የአውሮፓ ሴቶች ሻምፒዮን ሆነች። ይህን በሜዳው ተገኝተው የተመለከቱት 2 ሺህ 567 ሰዎች ነበሩ።

በዚያ ውድድር አንድ ጨዋታ የሚፈጀው 70 ደቂቃ ነበር። ኳሷም ወንዶች ከሚጫወቱባት ያነሰች፣ ለታዳጊዎች የምትመደበው ነበረች። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ሴቶች ሙሉውን 90 ደቂቃ መሮጥ አይችሉም የሚል እምነት ነበራቸው። በ1991 በቻይና በተካሄደው የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ዋንጫ ጨዋታው ወደ 80 ደቂቃ ከፍ አለ፤ በ1995 ደግሞ 90 ደቂቃ ሞላ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። ፒያ በሦስቱም የሰዓት ልክ ተጫውታለች። የ24 ዓመት ወጣት ሳለች 70 ደቂቃ ይበቃሻል የተባለችው ተጫዋች፣ በ35 ዓመቷ 90 ደቂቃ በሚፈጅ የዓለም ዋንጫ ላይ መሰለፏ ደንቡ በምን ዓይነት ግምት ላይ ቆሞ እንደነበር ያሳያል።

በእነዚያ ዓመታት ከኳስ እንጀራ የምታገኝ ሴት ጥቂት ነበረች፤ አብዛኞቹ ተጫዋቾች መተዳደሪያቸው ሌላ ሥራ ነበር። ፒያ በሀገሯ ለበርካታ ክለቦች ስትጫወት በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ጣሊያን አቅንታ ለላዚዮም ተሰልፋለች። በ1988 የስዊድን ፖስታ ምስሏን በቴምብር ላይ አተመው። በአንድ ወቅት ለመጫወት ስሟን መደበቅ የነበረባት ልጅ ፊቷ በደብዳቤዎች ላይ ተለጥፎ ሀገር ለሀገር ዞረ።

በ1991ዱ የዓለም ዋንጫ ስዊድን በሩብ ፍጻሜው የገጠመችው አስተናጋጇን ቻይናን ነበር። ጓንዡ ከተማ ላይ በብዙ አሥር ሺህዎች በሚቆጠር የባለሜዳው ደጋፊ ፊት ፒያ ጨዋታው በተጀመረ በ3ኛው ደቂቃ ግብ አስቆጠረች። ያች ግብ እስከ መጨረሻው ተጠብቃ ስዊድን 1 ለ 0 አሸነፈች። በደረጃ ጨዋታውም ጀርመንን 4 ለ 0 ረትታ ሦስተኛ ስትወጣ ፒያ አሁንም ካስቆጠሩት አንዷ ነበረች። ከአራት ዓመት በኋላ ስዊድን ራሷ ባስተናገደችው የዓለም ዋንጫ ግን ቻይና ብድሯን መለሰች፤ ባለሜዳዋን በሩብ ፍጻሜው በመለያ ምት አሰናበተች። ፒያ በ1996 የሴቶች እግር ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካተተበት የአትላንታ ኦሊምፒክ ተሳትፋ በዚያው ዓመት ከብሔራዊ ቡድን ተሰናበተች።

አብዛኛው አጥቂ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል። ፒያ ግን ገና ተጫዋች ሳለች በሐማርቢ ክለብ የጀመረችውን አሠልጣኝነት ቀጠለችበት። በስዊድን፣ በኖርዌይና በአሜሪካ ክለቦች ከሠራች በኋላ በ2007 መጨረሻ የአሜሪካ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆነች። ቡድኑ በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ በብራዚል 4 ለ 0 ተሸንፎ፣ ግብ ጠባቂ በመቀየሩ ምክንያት በተነሣ ቅሬታ ተከፋፍሎ ነበር። አዲሷ አሠልጣኝ ተጫዋቾቹን መጀመሪያ ስታገኛቸው ንግግር በማድረግ ፋንታ ጊታር ይዛ ዘመን ስለመለወጡ የሚናገር የቦብ ዲላንን ዘፈን ዘፈነችላቸው። ተጫዋቾቹ እንደተደነቁ አልሸሸጉም።

በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ ቡድኗ የመጀመሪያውን ጨዋታ በኖርዌይ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ግን የሚያቆመው አልተገኘም፤ በፍጻሜው ብራዚልን በተጨማሪ ሰዓት 1 ለ 0 አሸንፎ ወርቁን ወሰደ። በ2011 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አሜሪካ ከጃፓን ጋር 2 ለ 2 ተለያይታ በመለያ ምት ተረታች። ፒያን በሉተን ያነገሣት ምት በፍራንክፈርት ዋንጫውን ከእጇ ነጠቃት። በቀጣዩ ዓመት በለንደን ኦሊምፒክ ሁለቱ ቡድኖች ለወርቅ እንደገና ተገናኙ። አሜሪካ በካርሊ ሎይድ ሁለት ግቦች 2 ለ 1 አሸነፈች። ጨዋታው የተደረገው በዌምብሌይ ሲሆን የተመልካቹ ቁጥር 80 ሺህ 203 ነበር።

ሉተን ከዌምብሌይ ብዙም አትርቅም፤ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ያለው 28 ዓመት ነው። ከ2 ሺህ 567 ወደ 80 ሺህ 203 ተመልካች ያደረሰው ግን ጊዜ ብቻ አይደለም። በመካከሉ እገዳ ተነሥቷል፤ ሊግ ተመሥርቷል፤ የዓለም ዋንጫ ተጀምሯል፤ ኦሊምፒክ በሩን ከፍቷል። ዕድል ሳይሰጡ ችሎታ የለም ማለት፣ ሳይዘሩ ምርት የለም ብሎ መሬቱን እንደ መውቀስ ይቆጠራል።

ፒያ በ2012 የዓለም ምርጥ የሴቶች እግር ኳስ አሠልጣኝ ተብላ ስትመረጥ የሀገሯን ብሔራዊ ቡድን ተረክባ ነበር። በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ዕጣዋ ከቀድሞ ቡድኗ ከአሜሪካ ጋር በሩብ ፍጻሜ አገናኛት። አጥቂ የነበረችው አሠልጣኝ በዚያ ቀን መከላከልን መረጠች። ተጫዋቾቿ ወደ ግባቸው ተሰብስበው ክፍተቱን ዘጉ፤ ኳስ ሲያገኙም በፍጥነት ወደፊት ወጡ። ከተቀያሪ ወንበር የተነሣችው ወጣቷ አጥቂ ስቲና ብላክስቴኒየስ አስቆጠረች፤ አሜሪካም አቻ ሆነች። በመለያ ምቱ ስዊድን 4 ለ 3 አሸነፈች። የአሜሪካ ግብ ጠባቂ ሆፕ ሶሎ የስዊድንን አጨዋወት ፈሪነት ብላ ስትተች፣ ፒያ ማሸነፍ ከተቻለ ፈሪ መባል ግድ እንደማይሰጣት መለሰች። በግማሽ ፍጻሜው አስተናጋጇን ብራዚልን በዚያው በመለያ ምት ጣለች። በማራካኛ በተካሄደው ፍጻሜ በጀርመን 2 ለ 1 ብትሸነፍም፣ የብር ሜዳሊያው ለስዊድን ሴቶች እግር ኳስ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሆነ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁልጊዜ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ብራዚልን ይዛ በ2022 የደቡብ አሜሪካን ዋንጫ ብታነሣም፣ በቀጣዩ ዓመት የዓለም ዋንጫ ቡድኗ ከምድቡ ማለፍ ተስኖት ከኃላፊነቷ ተነሣች። በ2025 ስዊዘርላንድ ባስተናገደችው የአውሮፓ ዋንጫ ግን ባለሜዳዋን በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሩብ ፍጻሜ አብቅታለች። ልጅ ሳለች ቡድን የተከለከለችው ሴት፣ በ65 ዓመቷ የሌላ ሀገር ልጆችን ሜዳ ውስጥ ትመራ ነበር።

የፒያ 71 ግብ ዛሬ የስዊድን ክብረ ወሰን አይደለም። ሃና ሊዩንግበርግ 72 አስቆጥራ አለፈቻት። ከዚያ ሎታ ሼሊን በ185 ጨዋታዎች 88 አድርሳ ሁለቱንም በለጠች። ሼሊን የተወለደችው በ1984፣ ፒያ የሉተንን መለያ ምት በመታችበት ዓመት ነው። በ2013 ስዊድን ባስተናገደችው የአውሮፓ ዋንጫ በ5 ግቦች የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ስትሆንም አሠልጣኟ ፒያ ነበረች። የቀደመችው አጥቂ የራሷን ቁጥር የምታልፈውን ተተኪ ከሜዳው ዳር ቆማ ትመራ ነበር ማለት ነው። የሊዩንግበርግና የሼሊን ትውልድ ወደ ብሔራዊ ቡድን ሲመጣ ሊጉም ዋንጫውም በቦታው ነበር፤ ለመሰለፍም በሌላ ስም መጠራት የጠየቃቸው የለም።