ለጃዝ የሚሆን ደብል ባስ በመጠነኛ ዋጋ ስለ መምረጥ



ባለፈው ዓመት የሙዚቃ ክበባችን ከወላጆች በተዋጣ ገንዘብ አንድ አሮጌ ደብል ባስ እንደ ገዛ ታስታውሳላችሁ። ቬርኒሹ እንደ መስተዋት ያበራ ስለ ነበር ሌላውን ነገር የመረመረ ከመካከላችን አልተገኘም። በጋው ሲበረታ ግን ፊቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ ለጥገናው የተጠየቀው ዋጋም ከመግዣው ብዙ የሚያንስ አልነበረም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው በእኛ ላይ ደረሰ። ዘንድሮ ገንዘቡ እንደገና በመዋጣት ላይ ስለ ሆነ፤ ያው ስሕተት እንዳይደገም፤ ከዚያ ወዲህ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ባጭሩ እገልጻለሁ።

ደብል ባስ፤ ኮንትራባስም ይባላል፤ በቫዮሊን ቤተ ሰብ ውስጥ ከሚቈጠሩት መሣሪያዎች ትልቁና ድምፀ ወፍራሙ ነው። አራት አውታሮች ሲኖሩት፤ ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፤ ላ፤ ሬ፤ ሶል ተብለው ይቃኛሉ። በጃዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው በደጋን ሳይሆን በጣት ነው። ሥራውም ምቱን መጠበቅና ለዜማው መሠረት መጣል ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ከዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ ጋር የተቀላቀለው ጂሚ ብላንተን ግን ባስ ራሱ ዜማ ሊናገር እንደሚችል አሳየ፤ በ1942 ሲሞት ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበር። በ1959 ማይልስ ዴቪስ ባስቀረጸው «ሶ ዋት» በተባለው ሥራም ዋናውን ዜማ የሚጫወተው የፖል ቻምበርስ ባስ ነው፤ እርሱም ያን ጊዜ 24 ዓመት አልሞላውም ነበር። እንግዲህ ነገሩ ለወጣት የማይቻል አይደለም፤ ነገር ግን መሣሪያው ለጣት የሚመች መሆን አለበት።

1ኛ. እንጨቱ። ደብል ባስ በሦስት ዓይነት ይሠራል። አንደኛው ፊቱም ጀርባውም ከወፍራም ሳንቃ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ ድምፁ እጅግ ያማረ፤ ዋጋውም እጅግ የከበደ ነው። ሁለተኛው ፊቱ ብቻ ተፈልፍሎ ጀርባውና ጐኑ ከኮምፔንሳቶ የሚሠራ ነው። ሦስተኛው ሁሉም ነገሩ ኮምፔንሳቶ ነው። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን ይንቀዋል፤ ለእኛ ግን የሚሻለው እርሱ ነው። ሳንቃ ከአየሩ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ በዚህም ምክንያት በጭረቱ ተከትሎ ይሰነጠቃል። ኮምፔንሳቶ ግን ስስ ስስ ንጣፎች ጭረታቸው ተላልፎ በኮላ የተጣበቁ ስለ ሆኑ፤ አንዱ ሌላውን ይዞ አያስኬደውም። በደጋን ሲመታ ድምፁ እንደ ሳንቃው አይሞላም፤ በጣት ለሚመታው ጃዝ ግን ይበቃል። በቺካጎ የነበረው የኬይ ፋብሪካ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይሠራቸው የነበሩት የኮምፔንሳቶ ባሶች ለትምህርት ቤቶችና ለዳንስ ባንዶች ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ ዛሬም የጃዝ ተጫዋቾች ፈልገው ይገዟቸዋል።

2ኛ. መጠኑ። «ሦስት አራተኛ» የሚባለውን ሰምታችሁ የልጆች ነው አትበሉ። ለአዋቂ የተለመደው መጠን ይኸው ነው፤ የሚርገበገበው የአውታሩ ርዝመት 105 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል።

3ኛ. አንገቱ። ከሁሉ አስቀድሞ አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ መርምሩ። በዚያ ስንጥቅ ወይም የጥገና ምልክት ካለ ዋጋው ቢረክስም ተዉት፤ የአውታሮቹ ኀይል ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነውና። ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ ደግሞ ዞጲ ከተባለው ጥቁር ጠንካራ እንጨት ቢሆን ይመረጣል። ርካሽ ለስላሳ እንጨት ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ዞጲ መስሎ ስለሚሸጥ የሰሌዳውን ሥር አጐንብሳችሁ ተመልከቱ።

4ኛ. ስፌቱ። የፊቱንና የጀርባውን ዳር ዳር በጣት አንጓ አንኳኩ። የሚንኰሻኰሽ ድምፅ ከሰማችሁ የተጣበቀው ተላቋል ማለት ነው፤ ይህ ግን አያስደነግጥም። ከእንስሳት ቆዳ የተቀቀለው ሙጫ እንጨቱ ከመሰንጠቁ በፊት እንዲለቅ ታስቦ የሚገባ ስለ ሆነ፤ መልሶ ማጣበቁ ቀላል ሥራ ነው። የሚያስፈራው ከብርኩማው ሥር፤ የድምፅ ምሰሶው በሚቆምበት በኩል ያለ ስንጥቅ ነው።

5ኛ. አሰናዶው። የድምፅ ምሰሶ ያልነው በሆዱ ውስጥ በፊቱና በጀርባው መካከል ያለ ሙጫ የቆመች ትንሽ በትር ናት። ፈረንሳዮችና ጣልያኖች «ነፍስ» ብለው ይጠሯታል፤ ጥቂት ፈቀቅ ብትል ድምፁ ይለወጣልና። አውታሮቹን የሚሸከመው ብርኩማም ከፍ ካለ ጣት ይቈስላል፤ ዝቅ ካለ አውታሩ ሰሌዳውን እየነካ ይንጫጫል። ለጃዝ በሰሌዳው ጫፍ ላይ ሲለካ ቀጭኑ አውታር ከ5 እስከ 6፤ ወፍራሙ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ይስማማል። አዲስ የብረት አውታርም ዋጋው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ያለንን ገንዘብ ሁሉ ለመግዣ አናውጣ፤ ሩቡን ያህል ለአሰናዶ እናስቀምጥ። በሚገባ የተሰናዳ ርካሽ ባስ ካልተሰናዳ ውድ ባስ ይሻላል።

በመጨረሻም፤ ስንሄድ የሚጫወት ሰው ይዘን እንሂድ። እርሱ እየመታ እኛ ከክፍሉ ማዶ ቆመን እናድምጥ፤ ወፍራም ድምፅ ከአጠገቡ ሲሰሙትና ከሩቅ ሲሰሙት አንድ አይደለምና። ባለፈው ጊዜ የገዛነው በዓይናችን ነበር፤ ዘንድሮ በጆሯችንና በእጃችን ከገዛን የወላጆቻችን ገንዘብ በከንቱ አይቀርም፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡትም ተማሪዎች ይጫወቱበታል።