የደንበኞችን ስም ስለ መጠበቅና በኢሜይል ደብዳቤ ስለ መነገድ

በትንሽ ሱቅ የሚኖር ቤተ ሰብ ዕቃውን ካሰናዳ በኋላ የሚቀረው ጭንቀት፥ ገዢው እንዳይረሳው ነው። ትልቁ ነጋዴ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ስሙን ያስነግራል፤ ትንሹ ግን ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የለውም። ስለዚህ በዛሬው ዘመን ብዙዎች ትንንሽ ነጋዴዎች የደንበኞቻቸውን ስም በመዝገብ ይዘው፥ በየወሩ ወይም በየበዓሉ አንድ ደብዳቤ በኢሜይል ይልካሉ። ወጪው እጅግ ጥቂት ነው፤ ለአንድ ሰው በመላክና ለመቶ ሰው በመላክ መካከል ያለው የድካም ልዩነት ይህን ያህል አይደለም። ነገር ግን መርከሱ ራሱ ብዙዎችን አሳስቷልና፥ ነገሩ እንዴት ሊያዝ እንደሚገባው ባየነው ምሳሌ ልንገልጽ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ አገር፥ ለዋሺንግተን ከተማ ቅርብ በሆነው በሜሪላንድ ግዛት የምትኖር አንዲት ዘመዳችን አለች። በርበሬ፥ ሽሮ፥ ምጥንና ኮረሪማ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። ባልዋ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ለቤት ኪራይ ስለሚውል የሁለቱ ልጆች ትምህርት የተንጠለጠለው በሱቁ ገቢ ላይ ነው። በዚያ አካባቢ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ስለ ሆኑ ገዢ አይታጣም፤ ሻጩም እንደዚሁ ብዙ ነው።

ይህች ዘመዳችን በሱቅዋ መደርደሪያ ላይ አንድ ደብተር አኑራ፥ ደብዳቤ እንዲደርሳቸው የሚወዱ ደንበኞች ስማቸውንና የኢሜይል አድራሻቸውን እንዲጽፉ ለመነች። 60 ሰዎች ጻፉ። ከዚህ በኋላ የመጀመሪያውን ደብዳቤ በደስታ አሰናድታ፥ የ60ውንም አድራሻ በአንዱ የተቀባይ መሥመር ላይ ደርድራ ላከችው። እንዲህ ሲደረግ እያንዳንዱ ተቀባይ የሌሎቹን ሁሉ አድራሻ እንደሚያይ አላወቀችም ነበር። የተሰወረ ተቀባይ የሚጻፍበት፥ ቢሲሲ የሚባለው ሌላው መሥመር መኖሩንም የነገራት አልነበረም።

ከተቀባዮቹም አንዱ እንደ እርስዋ ቅመም የሚሸጥ ሰው ኖሮ፥ ሳምንት ሳይሞላ ለ60ዎቹ ሁሉ የራሱን የዋጋ ዝርዝር ላከላቸው። ደንበኞቹም ተቈጡ፤ ቍጣቸው ግን በእርሱ ላይ ሳይሆን በእርስዋ ላይ ነበር። በየዓመቱ ብዙ በርበሬ ከእርስዋ የሚገዙ አንዲት አሮጊት ስልክ ደውለው፥ «ልጄ፥ እኔ ስሜን የጻፍሁት በአንቺ ደብተር ላይ ነበር፤ እንዴት ገበያ ላይ ተሰጣ?» አሉዋት። እርስዋም «እማማ፥ ባለማወቅ ያደረግሁት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ እስከ ሌሊት ተቀምጣ ለ60ውም በየስማቸው የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈች። ዐሥራ አራቱ ስማችን ይሰረዝ አሉ፤ ሰረዘችላቸው።

እንዲህ ያለው ቍጣ ከኢሜይል ጋር አብሮ ያደገ ነገር ነው። በ1978 ጌሪ ቱርክ የተባለ የዲጂታል ኢኲፕመንት ኮርፖሬሽን የሽያጭ ሠራተኛ፥ አርፓኔት በሚባለው የኮምፒዩተሮች መረብ ላይ ለነበሩ 400 ያህል ሰዎች ሳይጠይቃቸው ስለ ኩባንያው አዲስ ኮምፒዩተሮች ማስታወቂያ ላከ። ወዲያውም የወቀሳ መዓት ወረደበት። ዛሬ እንግሊዞቹ ይህን የመሰለውን ደብዳቤ በቈርቈሮ በሚታሸግ ሥጋ ስም «ስፓም» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ «አይፈለጌ መልእክት» መባሉ ግን ሥጋውን ሳይነካ ነገሩን ስለሚገልጸው፥ የእኛው ስም የተሻለ ይመስለናል።

ሕጉም እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ በ2003 የወጣው ሕግ ነጋዴው አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅ አያስገድድም፤ ነገር ግን የላኪው ስም እውነተኛ እንዲሆን፥ ርእሱም አንባቢውን እንዳያታልል፥ የፖስታ አድራሻ እንዲጻፍ፥ ስሜን ሰርዙልኝ የሚል ሰው ቢኖር በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲሰረዝለት ያዛል። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ያወጣው መመሪያ ግን አስቀድሞ ፈቃድ መቀበልን ይጠይቃል፤ ከዚህ የሚወጣው፥ ቀድሞ ዕቃ ለገዛ ደንበኛ ስለ ተመሳሳይ ዕቃ የሚጻፈው ነው፤ እርሱም ቢሆን እንቢ የማለት መብቱ ተጠብቆለት ነው። በእስራኤል አገር በ2008 የወጣው ሕግ ይበልጥ ይከብዳል፤ ያለ ፈቃድ ማስታወቂያ የደረሰው ሰው ጕዳቱን ሳያስረዳ ፍርድ ቤቱ ስለ አንዱ መልእክት እስከ 1,000 ሼቄል ሊፈርድለት ይችላል። ሕግ ባያስገድድም እንኳ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል ብለን እናምናለን፤ ኢሜይል ሰው ቤት ገብቶ ከልጁና ከወንድሙ ደብዳቤ አጠገብ የሚቀመጥ ነገር ነውና።

ዘመዳችንም ከደረሰባት በኋላ ሥራዋን በሌላ መንገድ ያዘች። ለእያንዳንዱ ተቀባይ ደብዳቤውን በየግሉ የሚያደርሱ፥ ስሜን ሰርዙ የሚለውንም መሥመር ከግርጌው የሚያኖሩ ድርጅቶች አሉ፤ በ2001 በአትላንታ የተመሠረተው ሜልቺምፕ ከእነዚሁ አንዱ ነው። ከእነዚህ በአንዱ መላክ ጀመረች። አንድ ሰው መጥቶ 1,000 አድራሻ ልሽጥልሽ ቢላት ግን፥ የ15 ዓመት ልጅዋ መክራት እንቢ አለች። ልጅቱ ያለችው ልክ ነበር፤ እንዲህ በተገዛ መዝገብ ውስጥ የሞተ አድራሻ ይበዛል፤ ተቀባዩም አላውቃቸውም ብሎ ይከሳል፤ ክሱና ተመላሹ ሲበዛ ኢሜይል ተቀባዮቹ ኩባንያዎች ላኪውን ይጠረጥሩታል፤ የእውነተኛው ደንበኛ ደብዳቤም ሳይቀር ወደ አይፈለጌው ማኅደር ይጣላል። ጉግል ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ባጸናው ደንብ፥ ከ1,000 ደብዳቤ በ3ቱ ላይ ክስ እንዳይደርስ ይጠይቃል።

የደብዳቤው አጻጻፍም ተለወጠ። ቀድሞ የዕቃውን ሁሉ ስምና ዋጋ ትዘረዝር ነበር፤ አሁን በአንድ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ትናገራለች። ለዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስለ ሽሮና ስለ ምጥን፥ ጾሙ ወደ መፈሰኪያው ሲቃረብ ስለ ዶሮ ወጥ በርበሬና ስለ ኮረሪማ፥ በነሐሴ መጨረሻ ስለ ዐዲስ ዓመት ትጽፋለች። ሁለት ሳምንት ማስቀደምዋ በሌላ ግዛት ላሉት ዕቃው በፖስታ እስኪደርስ ቀን ስለሚፈጅ ነው። ከሽያጩም ወሬ በፊት አንዳች የሚጠቅም ነገር ታስቀድማለች፤ በርበሬ እርጥበት እንዳይነካው በምን ይቀመጣል፥ የቈየ ሽሮ በምን ይታወቃል የሚለውን የመሰለ። ደንበኞችዋ ዕቃ በማይፈልጉበት ወር እንኳ ደብዳቤዋን የሚከፍቱት ስለዚህ ነው።

በስልክ ላይ የርእሱ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ብቻ ስለሚታዩ «ታላቅ ቅናሽ» ማለትን ትታ «የጾም ሽሮ ተፈጭቶ ደረሰ» ብላ በቀጥታ ትጽፋለች። በፊደላችን ጽፋ፥ እዚያው ተወልደው ፊደል ላልተማሩት ልጆች ከሥሩ በእንግሊዝኛ ታክልበታለች፤ እንግሊዝኛውን የምታርመው ልጅዋ ናት፤ በዚህም ምክንያት እናትና ልጅ በወር አንድ ማታ ስለ አንድ ቃል ሲከራከሩ ያመሻሉ።

ስንት ሰው ደብዳቤውን እንደ ከፈተ የሚያሳየውን ቍጥር እንዳታምን ደግሞ እንመክራታለን። አፕል የተባለው ኩባንያ ከ2021 ጀምሮ በስልኮቹ ላይ የደብዳቤውን ሥዕሎች አስቀድሞ ራሱ ስለሚያወርድ፥ ያልተነበበው ደብዳቤ እንደ ተነበበ ሊቈጠር ይችላል። እርስዋ የምትቈጥረው መልስ የጻፉላትንና ደብዳቤሽን አይቼ መጣሁ ያሉትን ነው። ባለፈው ጾም በደብተርዋ ላይ ከነበሩት 112 ሰዎች 31 እንዲህ ብለው ገዝተዋል፤ የልጆቹም የትምህርት ክፍያ በጊዜው ተከፈለ።

ያቺ አሮጊትም በፋሲካ ሰሞን መጥተው በርበሬያቸውን ገዙ። ደብተሩ እንደ ቀድሞው በመደርደሪያው ላይ ነበር፤ አይተውት ሲያበቁ ብዕሩን ሳያነሡ ወጡ። ዘመዳችንም ከዚያ ወዲህ ደብዳቤውን በምትልክበት ቀን ማታ ለእርሳቸው ስልክ ትደውላለች።