ሰዓታቸው ያልተስማማ ኮምፒዩተሮች

እንደሚታወቀው በአገራችን አቆጣጠር የቀኑ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ዳምቦያ ላይ «ጠዋት ሦስት ሰዓት እንገናኝ» የሚል ቀጠሮ ማንንም አያደናግርም። ኮምፒዩተር ግን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ ይኸው ቅጽበት ለእርሱ 9፡00 ሰዓት ነው። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው የ6 ሰዓት ልዩነት በሰዎች ዘንድ ችግር ባይፈጥርም፣ በኔትወርክ በተሳሰሩ ኮምፒዩተሮች ላይ ግን ሥራን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የችግሩን ምክንያትና የመፍትሔውን ቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ኮምፒዩተር ስለ ሰዓት ለምን ይጨነቃል?

በአንድ አስተዳደር ሥር ያሉ የተጠቃሚዎችና የኮምፒዩተሮች ስብስብ ዶሜይን ይባላል። በዊንዶውስ ዶሜይኖች የተጠቃሚውን ማንነት የሚያረጋግጠው ዋነኛው ሥርዓት ኬርቤሮስ ሲሆን፣ የተፈለሰፈውም በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ተጠቃሚው ለመግባት ሲጠይቅ ኮምፒዩተሩ የወቅቱን ሰዓት ከይለፍ ቃሉ በተገኘ ቁልፍ መስጥሮ ይልካል። ሰርቨሩም ምስጢሩን ፈትቶ ሰዓቱን ከራሱ ሰዓት ጋር ያስተያያል። ልዩነቱ በተለመደው አሠራር ከ5 ደቂቃ ከበለጠ ጥያቄውን አይቀበልም። ይህ ጥብቅነት ያለ ምክንያት አልመጣም። አንድ ሌባ ትናንት የተላከን መልእክት ቀድቶ ዛሬ መልሶ ቢልከው ሰዓቱ ያጋልጠዋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በዳምቦያ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የራሱ ዶሜይን አለው፤ በሆሳዕና የሚገኘው አጋሩም እንዲሁ፤ ሁለቱ ዶሜይኖች እርስ በርስ እንዲተማመኑ ተደርገዋል እንበል። የዳምቦያው ዋና ሰርቨር ከጠዋቱ 9፡00 መሆን ሲገባው 3፡00 ተብሎ ተሞልቷል። የዳምቦያ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ሰዓታቸውን የሚወስዱት ከዚሁ ሰርቨር ስለሆነ በመካከላቸው ልዩነት የለም፤ በቅጥር ግቢው ውስጥ ሁሉም ነገር ይሠራል። ወደ ሆሳዕና የሚላክ ጥያቄ ግን ይከለከላል። የሚታየውም የስሕተት መልእክት ሁልጊዜ ሰዓትን ስለማይጠቅስ ባለሙያው የይለፍ ቃል ሲቀይርና ገመድ ሲፈትሽ ይውላል። ስለዚህ «በውስጥ ይሠራል፣ ወደ ሌላው ዶሜይን ግን አይሠራም» የሚለው ምልክት ሲታይ አስቀድሞ ሰዓትን መጠርጠር ይገባል።

ሰዓት ለምን ይዛባል?

የኮምፒዩተር ሰዓት የሚሠራው በኳርትዝ ክሪስታል ርግብግቢት ነው። የክሪስታሉ ፍጥነት በሙቀት መጠን ይለዋወጣል። ከሚሊዮን 20 ብቻ ቢሳሳት እንኳ በቀን 1.7 ሴኮንድ ያህል ይዛነፋል፤ በዚህ አኳኋን 6 ወር ሳይሞላ የ5 ደቂቃውን ገደብ ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የሚያቆየው በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ባትሪ ነው፤ እርሱ ካለቀ ቀኑ ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል።

ይህን መዛነፍ ለማረም ዴቪድ ሚልስ የኔትወርክ የሰዓት ፕሮቶኮልን ቀየሱ፤ የመጀመሪያው ዝርዝርም እ.ኤ.አ. በ1985 ወጣ። አሠራሩ በአራት ሰዓቶች ላይ የተመሠረተ ነው። ጠያቂው በራሱ ሰዓት በ0.00 ሴኮንድ ይልካል፤ ሰርቨሩ በራሱ ሰዓት በ10.25 ተቀብሎ በ10.30 ይመልሳል፤ ጠያቂውም መልሱን በ0.55 ያገኛል እንበል። የሄደበት ልዩነት 10.25፣ የተመለሰበት ልዩነት ደግሞ 9.75 ነው። የሁለቱ አማካይ 10 ሴኮንድ ስለሆነ ጠያቂው በዚህ መጠን ወደ ኋላ መቅረቱን ያውቃል። የመንገዱ መዘግየት በመሄጃውና በመመለሻው እኩል እስከሆነ ድረስ ስሌቱን አያበላሸውም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር ለማገናኘት እንደተዘረጋው ወረዳኔት ባሉ የሳተላይት መስመሮችም ዘዴው የሚሠራው ስለዚህ ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሰዓት በማያ ገጹ ላይ የሚታየውን ብቻ አንመን። ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚህ በ3 ይቀድማል። ቀጠናው ግሪኒች ተብሎ የተሞላ ኮምፒዩተር 9፡00 እያሳየ በውስጡ ግን 3 ሰዓት ወደ ፊት የቀደመ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም በሁለቱም ዶሜይኖች ዓለም አቀፉን ሰዓትና ቀጠናውን እናነጻጽር።

ቀጥሎ የልዩነቱ መጠን ምክንያቱን ይጠቁመናል። ቀስ በቀስ የሚያድጉ ሴኮንዶችና ደቂቃዎች የክሪስታልን መዛነፍ ያመለክታሉ። ድፍን 3 ሰዓት የቀጠናን፣ ድፍን 6 ሰዓት የአቆጣጠርን ስሕተት ይናገራል። 7 ወይም 8 ዓመት ከሆነ የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት በአውሮፓው ቦታ ተሞልቷል ማለት ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ማን ከማን ሰዓት እንደሚወስድ እንከታተል። በዊንዶውስ ዶሜይን አባላቱ ከዶሜይን ተቆጣጣሪዎች፣ እነዚህም ከአንድ ዋና ተቆጣጣሪ ይወስዳሉ። ስለዚህ ሁለቱ ዋና ተቆጣጣሪዎች ከአንድ ታማኝ ምንጭ እንዲወስዱ ማድረግ ይገባል። የፕሮቶኮሉ በር 123 በፋየርዎል አለመዘጋቱንም እናረጋግጥ። ሰርቨሩ ምናባዊ ማሽን ከሆነ ደግሞ ተሸካሚው ኮምፒዩተር የራሱን ሰዓት እየጫነበት እንዳይሆን መፈተሽ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም እርማቱ ከላይ ወደ ታች ይሁን፤ የአባላቱን ሰዓት አንድ በአንድ በእጅ ማስተካከል ትርፉ ድካም ነው። በሊኑክስ ለረጅም ጊዜ የተለመደ የነበረው የሰዓት አራሚ ፕሮግራም ልዩነቱ ከ1,000 ሴኮንድ ሲበልጥ በራሱ አያርምም፤ ሥራውን ያቆማል። 6 ሰዓት 21,600 ሴኮንድ ነውና እንዲህ ያለ ፕሮግራም ባለበት የመጀመሪያውን እርማት ሰው ማድረግ ይኖርበታል። ሰዓት ሲቀየር የመዝገቦች ቅደም ተከተል ሊዛባ ስለሚችል የእርማቱን ጊዜና መጠን ጽፎ መያዝም ተገቢ ነው።

የአገራችን አቆጣጠር ስሕተት የለበትም፤ ኮምፒዩተሩም እንዲሁ። ስሕተቱ የሚፈጠረው አንዱን በሌላው ቦታ ስናስገባ ነው። ስለዚህ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሰዓት ከመሙላታችን በፊት «በማን አቆጣጠር?» ብለን እንጠይቅ።